ጭቃ ቤት በውኃ እንጂ በእርጅና አይፈርስም
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ እየተቃረበ ነው። ባለፈው ክረምት እዚሁ ሠፈራችን አንድ ግድግዳ ሌሊት ተደርምሶ ቤተሰቡ ጎረቤት ማደሩን ሁላችንም እናስታውሳለን። «ቤቱ አርጅቶ ነው» ተባለ። በማግሥቱ ሄደን ስናይ ግን ጭቃው ደህና ነበር፤ የበሰበሰው የወጋግራው ሥር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጭቃ ቤት አሠራር ጥቂት ለመነጋገር ፈለግን።

ጭቃ ቤት በራሱ ደካማ አይደለም። በእንጦጦ ያለው የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ተሠርቶ፣ በየጊዜው እየታደሰ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቷል። ታዲያ የኛው ቤት ለምን ይወድቃል?

የጥንቱ አሠራር ሦስት ነገር ይጠብቅ ነበር። አንደኛ፣ የወጋግራው ሥር በድንጋይ ይያዛል፤ ጭቃው ከመሬት ከፍ ብሎ ይጀመራል። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ታዛ ይሆናል፤ ዝናብም ግድግዳውን አያገኘውም። ሦስተኛ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ ብዙ ቀን ይሰነብታል፤ ምርጊቱ ሳይደርቅም ልስን አይደረብበትም።

አሁን ወደ ስህተታችን እንምጣ። ሣሩን በቆርቆሮ ስንለውጥ፣ አንድ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብለን ታዛውን አሳጠርነው። ባሕር ዛፉን ቅርፊቱ ሳይላጥ፣ እርጥቡን እንተክላለን፤ ምስጥ ይሰለፍበታል። የደጃችንን መንገድ በአፈርና በጠጠር እየደለደልን ከፍ ስናደርግ የቤታችንን መሠረት ቀበርነው።

ከሁሉ የባሰው ጭቃን በሲሚንቶ መለሰን ነው። ሲሚንቶ ጭቃን አጥብቆ አይዝም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣና እንጨቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ፊቱ ግን ያማረ ይመስላል። እኛም ከዚህ ስህተት ነፃ አይደለንም። የማኅበራችንን ዕቃ ቤት «ያምራል» ብለን በሲሚንቶ አስለሰንን፤ በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ። በናንተው መዋጮ የተሠራ ስለሆነ ይኼን መሸሸግ አይገባንም።

አሁን ምን እናድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ፀሐይ ሳለ እንጀምር። ግድግዳ ላይ የተደገፈውን አፈርና አመድ እናንሳ። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ያህል ርቀን ቦይ እንቅደድ። የወጋግራውን ሥር በቢላዋ ጫፍ እንሞክረው፤ ቢላዋው እንደ ቅቤ ከገባ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው። የተሰነጠቀውን በጭቃና በጭድ እንምረገው። የዘመመ ግድግዳ አጠገብ ግን ማንም አይተኛ፤ ልጆችንም ከዚያ እናርቅ።

አንድ ነገር እንጨምር። የአንዳችን ጠፈጠፍ የሌላችንን ግድግዳ እያፈረሰ ነው። በዚህ የተነሳ ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤታሞች አሉን። አንድ አሸንዳ ሰቅሎ ውኃውን ወደ ቦይ መመለስ ከጠብ ይረክሳል። አቅም የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ካሉ ደግሞ ንገሩን፤ አካፋና ዶማችንን ይዘን አብረን እንሄዳለን።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን።