የቆመ ዶዘርና የዋግ ቁልቁለት

የተከበራችሁ ኦፕሬተሮች፣ መካኒኮች፣ የተቋራጭ ድርጅቶች ተወካዮች፣ የዋግ ኽምራ የሥራ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ የሰቆጣ ነዋሪዎች፤

የዛሬው ንግግሬ ስለሚሠራ ማሽን ሳይሆን ስለቆመ ማሽን ነው። መንገድ ሲሠራ የምንሠጋው ቁፋሮውንና ድማሚቱን ነው። እኔ አብልጬ የምፈራው ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሁሉም አዛዥ የሚሆንበትን ሰዓት ነው።

በአገራችን የከባድ ዕቃ ጉዞ ሲነሣ ሴባስቶፖል ይታወሳል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ይህ መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። ያን ጊዜ የእናንተው ዋግሹም ጎበዜ ለንጉሡ አስጊ ተቀናቃኝ ስለነበሩ የሚያቻኩል ምክንያት አልጠፋም። ቢሆንም የጅዳና የበሽሎ ወንዞች ገደል ላይ መጀመሪያ መንገድ ተቆረጠ፣ መድፉ ያለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ንጉሡ ቆራጥነት ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚደንቀኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ አንድ ዲ 8 ዶዘር 380 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፤ ከአምስት ሴባስቶፖል ይበልጣል። እኛ ግን በአንድ ያረጀ ኬብልና በአንድ ገልባጭ መኪና ከሰዓት በፊት ካልጎተትነው እንላለን።

ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዚህ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለትና ጥምዝ ይበዛዋል። ጠባብ ጥምዝ ላይ አንድ ማሽን ከቆመ እህል የጫነውም፣ በሽተኛ የያዘውም ከኋላው ይሰለፋል። «ብቻ ከመንገዱ ይውጣልን!» የሚለው ጩኸት የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። በጩኸቱ አልፈርድም፤ ወላድ የያዘ ሰው ምን ይበል? የሳይቱ ኃላፊ ግን ጩኸቱን ሰምቶ ኬብል ማሰር የለበትም። መጀመሪያ ማሽኑ ባለበት ሊጠገን ይችል እንደሆነ መካኒኩን ይጠይቅ። የፈነዳ ሆዝ፣ የሞተ ባትሪ፣ አየር የገባበት የነዳጅ መስመር እዚያው ይሠራል። መኪና ማሳለፍ ካስፈለገም ከማሽኑ ጎን የማለፊያ ቦታ ማስፋት የሚቀልበት ጊዜ አለ።

መጎተት ግድ ከሆነ የፍሬኑን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። በዛሬዎቹ ዶዘሮች ፍሬኑን የሚያስይዘው ስፕሪንግ ነው፤ የሚያስለቅቀው የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሬኑም ነክሶ ይይዛል። ዶዘሩ አልንቀሳቀስም ያለው ራሱን ሊጠብቅ ነው። ለመጎተት መካኒኩ እንደ ማሽኑ ዓይነት ፍሬኑን በሌላ መንገድ ያስለቅቃል፣ ወይም ከፋይናል ድራይቩ ኃይል አስተላላፊውን ክፍል ያወጣል። ይህ በተደረገባት ቅጽበት 380 ኩንታል ብረት ያለ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ሳይለቀቅ በፊት ምላጩ መሬት ይንካ፣ ሰንሰለቱ በደንብ ታኮ ይደረግለት፣ ጎታቹም ታስሮ ይጠብቅ።

ወደ ታች ሲሆን ዋናው ማሽን ከላይ ሆኖ ይዞ የሚያወርደው ነው፤ ክብደቱም ከተበላሸው ቢበልጥ እንጂ ማነስ የለበትም። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው፤ ፊት ለፊት የሚጎትት ይፈለጋል፣ ከላይ የሚይዝ አይፈለግም። ፍጥነቱስ? የአምራቾች መመሪያ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈቅዳል፤ ከሰው እርምጃ ያነሰ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ሞተሩ ካልዞረ የትራንስሚሽኑ ፓምፕ ዘይት አያዘዋውርም፣ ርቆ የተጎተተ ማሽንም ለትንሽ ብልሽት ወጥቶ በትልቅ ብልሽት ጋራዥ ይገባል።

ኬብሉን እዩት። ክሮቹ ተበጥሰው እንደ እሾህ ከወጡ፣ ወይም አንድ ጊዜ ታጥፎ ቅርጹ ከተበላሸ ይጣል። የተወጠረ ኬብል ሲበጠስ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይገረፋል፤ እግር ይቆርጣል፣ ሰው ይገድላል። በሁለቱ ማሽኖች መካከልም ሆነ በኬብሉ አቅጣጫ ማንም አይቁም። ምልክት የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ከመጎተት ይልቅ ማሽኑን ጭኖ የሚወስድ ሎቤድ መግባት ከቻለ ከሁሉ ይሻላል። ነገር ግን ረጅም ነው፤ ጥምዙ ላይ ላይዞር ይችላል። አንድ ሰው አስቀድሞ መንገዱን ሄዶ ጥምዙን፣ ድልድዩን፣ የመብራት ሽቦውን ይለካ። ጭነቱ ደልዳላ ቦታ ላይ ይሁን። ሎደር ከሆነ ወገቡ በመቆለፊያው ይቆለፍ፤ ከዚያ ማሽኑ በአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ይታሰር።

የተቋራጭ ድርጅቶች ተወካዮች ሆይ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ሥራ ስትዋዋሉ የማንሻና የማጓጓዣ ወጪውን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሎቤድ «ውድ ነው» የሚባለው ዶዘሩ ገደል አፍ ላይ ከቆመ በኋላ ነውና። መካኒኩ «አይጎተትም» ሲል ቃሉ እንዲከበር በጽሑፍ ሥልጣን ስጡት። ፍሬኑ በተለቀቀ ዶዘር ጋቢና ውስጥ ደግሞ ረዳቱን ልጅ «መሪ ያዝ» ብላችሁ አታስቀምጡ፤ የሚይዘው መሪ የለም።