እርሳስ ስናቀልጥ ዚንክ እንዳይገባ

 

የዛሬው ንግግሬ ስለ እርሳስ ነው። አሁን በእጃችሁ ስለያዛችሁት መጻፊያ አይደለም፤ ስለ ማዕድኑ ነው። ሁለቱ በስም አንድ ናቸው እንጂ በመጻፊያው ውስጥ ማዕድኑ እርሳስ የለም። ያ ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል ማዕድን ነው፤ ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ይሠራል። በድሮ ጊዜ አውሮፓውያን ግራፋይትን የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር። ስለዚህ መጻፊያችሁን አትፍሩት።

ማዕድኑ እርሳስ ግን ሌላ ነው። ከባድ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ በትንሽ እሳት ይቀልጣል። በዚህም ምክንያት ፈላጊው ብዙ ነው። አንዳንዱ ሰው ከጎሚስታ ቤት የወደቀ የጎማ ባላንስ ይለቅማል። አንዳንዱ ከቆራሌ አሮጌ ቧንቧ ይገዛል። ከዚያ ያቀልጥና በፎርማ እያፈሰሰ የዓሣ መረብ ማስጠሚያ ይሠራል። በአሜሪካ ለአደን ጥይት የሚሆን እርሳስ በቤታቸው የሚያፈሱ ሰዎችም የጎማ ባላንስ ይሰበስባሉ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ባላንስ ሁሉ እርሳስ አይደለም! የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ በቀላል መኪና ጎማ ላይ የእርሳስ ባላንስ እንዳይደረግ ከልክሏል። ስለዚህ ፋብሪካዎች በዚንክና በብረት መሥራት ጀመሩ። ከውጭ የሚመጣ መኪና ይህንኑ ባላንስ በጎማው ይዞ ይመጣል። ዚንክ ማለት የጣራ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ማዕድን ነው። ሲያዩት ከእርሳስ ጋር ይመሳሰላል። በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ጥቂት ዚንክ ከገባ ግን ሥራው ይበላሻል። ላዩ እንደ ገንፎ ይጓጉላል። ፎርማውን አይሞላም።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እርሳሱ እንደ ገንፎ ሲሆንበት ሰውየው ምን ያደርጋል? “እሳቱ አንሶት ነው” ይልና ከሰል ይጨምራል። ያናፋል። ዚንኩ ግን አይወጣም። እሳቱ በበረታ ቁጥር ከእርሳሱ የሚነሣው ጭስ ይበዛል። ጭሱ በዓይን ላይታይ ይችላል። ወደ ሳንባ ይገባል፤ በግድግዳ ላይ፣ በልብስ ላይ፣ በልጅ መጫወቻ ላይ ትቢያ ሆኖ ያርፋል። እንግዲህ ዚንክ እንዳይገባ መጠንቀቅ ለሥራው ማማር ብቻ አይደለም። ለጤናም ነው።

የመጀመሪያው መለያ ንባብ ነው። ባላንሱን ገልብጣችሁ እዩት። በብዙዎቹ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። የዚንኩ ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ዜድ ናት። ከላይ አንድ አግድም መስመር አላት፤ ከታችም አንድ አግድም መስመር አላት፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰያፍ መስመር አላት። ይህችን ያያችሁበትን ለብቻው አስቀምጡ። የኛን ፊደል ሁሉ የለያችሁ ሰዎች አንዲት ዜድ አታቅታችሁም።

ፊደሉ ጠፍቶ ከሆነስ? በፒንሳ ያዙት። እርሳስ ይቆረጣል፤ ዚንክ እምቢ ይላል። በድንጋይ ላይ ጣሉት። እርሳስ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዚንክ ይጮኻል። በማይፈለግ ቁራጭ ወረቀት ላይ ብታሰምሩበት እርሳስ ግራጫ መስመር ይተዋል። ሲጨርሱ ወረቀቱን መጣል፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። በደብተራችሁ ላይ ግን አደራ አትሞክሩት።

ተለይቶም ያመለጠ ይኖራል። እዚህ ላይ እሳቱን መግራት ይጠቅማል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ዚንክ 419 ዲግሪ ይፈልጋል። በመካከላቸው የ92 ዲግሪ ልዩነት አለ። ባላንሱ በቀዝቃዛ ድስት ውስጥ ተጨምሮ በዝግታ ቢሞቅ፣ እርሳሱ ቀልጦ ዚንኩ ሳይቀልጥ ይቀራል። ዚንክ ከእርሳስ ስለሚቀል እንደ ገለባ ከላይ ይንሳፈፋል። የብረት መያዣውም እንዲሁ። ያን ጊዜ በጭልፋ ቶሎ መግፈፍ ነው። ብዙ ከቆየ ዚንኩ በእርሳሱ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል።

አንዴ ከገባ በኋላስ? አንዳንድ ሰዎች ድኝ ይጨምሩበታል። ይህ አይደረግ። የድኝ ጭስ መተንፈሻን ያቃጥላል። ዚንክን ከእርሳስ መለየት የፋብሪካ ሥራ ነው፤ አየር በተመጠጠበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ይከናወናል። የተበላሸውን እርሳስ “ዚንክ ገብቶበታል” ብሎ ለቆራሌ መሸጥ ይሻላል። ዋጋው ቢቀንስም ይቀንስ።

ውኃም እንዳትዘነጉ። እርጥብ ባላንስ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከገባ፣ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ እርሳሱን ወደ ፊት ይረጨዋል። ዓይን ያጠፋል።

ማቅለጥ ግድ ከሆነ ከቤት ርቆ፣ በውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ነው። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አይቅረቡ። እርሳስ የቀለጠበት ድስት ከቶ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፤ ታጥቦም ቢሆን! ከሥራ የመጣ አባት ልብሱን ሳይለውጥ ልጅ አይቀፍ። የሥራ ልብሱም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ። እንጀራ የምንበላው በእጃችን ስለሆነ፣ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ ወደ መሶብ መቅረብ አይገባም።

የመኪና ባትሪን ግን ጨርሶ አትክፈቱ። በሴኔጋል፣ በዳካር አጠገብ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ያወጡ ነበር። በኋላም አፈሩን እየነፉ እርሳስ ይለቅሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። የሞቱት ሠራተኞቹ አይደሉም፤ በአፈሩ ላይ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። ካልገደለም የልጅን አእምሮ ይጎዳል። ትምህርት አልገባ የሚለው ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ወተት ልናገር። በያጆች “ወተት ጭሱን ያጥባል” ይላሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ወተት ወደ ሆድ ይሄዳል፣ ጭስ ወደ ሳንባ። በቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ ሲቃጠል ጭሱ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይላል፤ ያተኩሳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ብዙውን ጊዜ ይተዋል። ሰውየውም “ወተቱ አዳነኝ” ይላል። እርሳስ ግን እንደዚያ ትቶ አይሄድም። በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ራስ ምታትና ድካም ከበረታባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እዚያም “እኔ እርሳስ አቀልጣለሁ” ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ካልነገራችኋቸው የወባ ወይም የጨጓራ ሊመስላቸው ይችላል። እርሳስ መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።