ለትምህርት የሚከፈለው ግብር ወዴት ይሂድ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ቀን ትምህርት ብርሃን ነው ብለን ብንቀመጥ የሚቃወመን የለም። ነገር ግን ኩራዝ ያለ ላምባ አይበራም። ላምባውን ማን ይግዛው፣ በምንስ ሕግ ይገዛ ብለን ሳንጠይቅ ብንለያይ በዓላችን የዘፈን ቀን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ሕግ አውጪዎቻችን ለሕዝብ ትምህርት ገንዘብ እንዴት ሊመድቡ እንደሚገባ ነው።

የጎጃም ሕዝብ ትምህርትን ማክበር ዛሬ አልጀመረም። ደበሎ ለብሶ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የቅኔ ቤቶች ለሚጓዘው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚነፍግ ደጃፍ ጥቂት ነበረ። ያ ቁራሽ እንጀራ የዚያ ዘመን የትምህርት ግብር ነበረ ማለት እንችላለን፤ ሰጪው የሰጠውን ማን እንደ በላው በዓይኑ ያይ ነበርና።

ዘመናዊው ትምህርት መስፋፋት በጀመረ ጊዜ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ፤ ገንዘቡም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነበረ። ዳሩ ግን ብዙው ገበሬ ግብሩን እየከፈለ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ሳያይ ኖረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜም መሬቱ ተለክቶ ርስቱን የሚያጣ ስለ መሰለው በዳሞት፣ በሞጣና በቢቸና ተነሣ። ደም ፈሰሰ፤ መንግሥትም ግብሩን በጎጃም በሥራ ላይ ሳያውል ቀረ። ለቆሎ ተማሪ የሚቆርሰው ገበሬ የትምህርት ጠላት አልነበረም። የጠላው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቀውን ገንዘብ ነው።

ዛሬስ? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የክልላችን ምክር ቤትም በየዓመቱ በጀት ያጸድቃል። ገንዘቡ ወረዳ ሲደርስ ግን አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። መምህር ደመወዙን ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ሊጨመርለት ይገባል። ነገር ግን ለመጽሐፍ፣ ለቤተ ሙከራና ለወንበር የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከመካከላችን ፊደል በሚሲዮን ትምህርት ቤት የቆጠርን አለን፤ በዚያ ለየራሳችን መጽሐፍ ነበረን። ምስጋናችን ብዙ ነው። ሆኖም ስጦታ ሰጪው በፈቀደ ጊዜ ይመጣል፣ ባልፈቀደ ጊዜ ይቀራል። የሕዝብ ልጅ መጽሐፍ ግን በሕግ ሊጸና ይገባል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ በአገር ሙሉ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎቻችንን በትሕትና የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከደመወዝ ሌላ ለመጽሐፍና ለመሣሪያ የሚሆን ገንዘብ በሕግ ተለይቶ ይመደብ፤ ለሌላ ጉዳይም አይነካ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተቀበለውንና ያወጣውን ገንዘብ በአማርኛ ጽፎ በበሩ ይለጥፍ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅም በስብሰባ ይነበብለት። ሦስተኛ፣ ለሩቅ ገጠር ድርሻው ይብዛ። ከቆላው ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው የሚማሩ ጓደኞቻችን አሉ። ይልቁንም ሴቶች ልጆች በዚህ ምክንያት ይቀራሉ። ማደሪያ ቢሠራላቸው ብዙዎች ይማሩ ነበር።

ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ሕፃናት ከፊደል ተለይተው ቀርተዋል። በጀት ያለ ሰላም በተዘጋ በር ላይ የተጻፈ ጽሕፈት ነው። ወገን ሳንለይ ሁሉንም የምንለምነው የትምህርት ቤትን ደጃፍ እንዲያከብሩ ነው።

እኛም ዕዳ አለብን። ያስተማረን የገበሬው ላብ ነውና፣ ነገ ሐኪም ወይም መምህር ብንሆን ወደ ገጠሩ ለመመለስ ከዛሬ ጀምረን እናስብ። ያን ጊዜ ገበሬው እንደ ጥንቱ የሰጠው ቁራሽ የት እንደ ደረሰ በዓይኑ ያያል።