ክስን በስሙና በልኩ ማወቅ
(የሐይቅንና የአምባሰልን አካባቢ ሁናቴ መነሻ በማድረግ ለማኅበሩ አባላት የተዘጋጀ ንግግር)




በአምባሰል ምድር፣ በውጫሌ አቅራቢያ በምትገኘው ይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ከታሪክ ጸሐፊ ይልቅ ለሕግ ባለሙያ የሚያስተምረው ነገር አለው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመጠቀም እንደሚችሉ ይገልጻል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ እንደ ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። በአንድ ግሥ አፈታት የተጀመረው ክርክር በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች ላይ በደም ተቋጨ። በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ለሚነበብለት ሰው እንደሚገባ ሆኖ ካልቀረበ የሚያስከትለው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በአገሮች መካከል እንዲህ የሆነው ነገር በግለሰብ ሕይወትም ይደርሳል። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ ከተማ በኩል ወደ ውጫሌና ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የጭነት መኪና፣ የሕዝብ ማመላለሻና ባጃጅ፣ ከገበያ የሚመለስ ገበሬና ከብት የሚነዳ ልጅ በአንድነት የሚተላለፉበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ አሽከርካሪው በፍርድ ቤት ቆሞ አንድ ወረቀት ይነበብለታል። የዚያ ወረቀት ስም የክስ ማመልከቻ ይባላል። የሟች ቤተሰብ የሚጠብቀው ፍትሕም ሆነ የተከሳሹ የወደፊት ዕድሜ የተንጠለጠለው በዚያ ወረቀት ላይ በተጻፉት ጥቂት መሥመሮች ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም እነዚያ መሥመሮች እንዴት መጻፍ፣ እንዴት መነበብና እንዴት መመለስ እንዳለባቸው ማመልከት ነው።

1. ክስ ሊይዝ የሚገባው

በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የክስን ይዘት በአንቀጽ 111 ዘርዝሮታል። ክስ የተከሳሹን ስም፣ የተከሰሰበትን ወንጀልና ወንጀሉን የሚያቋቁሙትን የሕግና የነገር ፍሬዎች፣ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ የተበዳዩን ማንነት፣ እንዲሁም ተጣሰ የተባለውን ሕግና አንቀጽ መያዝ አለበት። አንቀጽ 112 ደግሞ ነገሩን አጥብቆ፣ የክሱ ዝርዝር ተከሳሹ የሚመልስበትን ነገር በትክክል እንዲያውቅ የሚያስችል፣ አገላለጹም በተቻለ መጠን ወንጀሉን ከደነገገው ሕግ ቃል ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያዛል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህንኑ ከሥነ ሥርዓት ወደ መሠረታዊ መብት ከፍ አድርጎታል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው አንቀጽ 19 ሲደነግግ፣ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱን በበቂ ዝርዝር የማወቅና በጽሑፍ የማግኘት፣ በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜም እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል።

እንግዲህ ክስ ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነ መልሱም ሊጠራ አይችልም።

2. በአንድ ንዑስ አንቀጽ የሚለወጥ ዕጣ

ለምሳሌ ያህል አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ምሳውን በልቶ፣ ጥቂት አረቄ ቀምሶ ሲጓዝ በሐይቅ መግቢያ ላይ አንድ እግረኛ ገጭቶ ገደለ እንበል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለዚህ አሽከርካሪ ከአንድ በላይ በር አለው።

አሽከርካሪ እንደ ሐኪም ሁሉ የሌላውን ሰው ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ስለሆነ፣ በቸልተኝነት ሰው ቢገድል በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ቅጣቱን ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ወደሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ወደሚደርስ መቀጮ ከፍ ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ነው፤ ይኸውም ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሰዎች የሞቱ እንደሆነ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ የሆነ ደንብን ሆነ ብሎ የጣሰ እንደሆነ፣ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን በኃላፊነት ሊያስብ ወደማይችልበት ሁኔታ ያስገባ እንደሆነ ነው።

ልዩነቱ በዓመታት ብዛት ብቻ አይወሰንም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 63 ስለ ዋስትና ሲደነግግ የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆኑ፣ ሁለተኛው የተበደለው ሰው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል መሆኑ ነው። የንዑስ አንቀጽ 3 ጣሪያ ልክ 15 ዓመት ነው፤ ሰውም ሞቷል። ሁለቱ ሁኔታዎች ስለተገናኙ የዋስትናው በር ይዘጋል። በንዑስ አንቀጽ 2 የተከሰሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ከቤቱ እየተመላለሰ ሲከራከር፣ በንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰው ግን ጥፋተኛ መሆኑ ገና ሳይረጋገጥ በእስር ሆኖ ይከራከራል። ሚስትና ልጆች በአሽከርካሪው የቀን ገቢ የሚተዳደሩ ሲሆኑ የአንዲት ቁጥር ክብደት በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ይታያል።

ከዚህም አልፎ ሦስተኛ በር አለ። አሽከርካሪው አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የነዳ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሩ ከቸልተኝነት ወጥቶ በአንቀጽ 58 የተመለከተው ሐሳብ ይሆንና ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ወደሚያስቀጣው ወደ አንቀጽ 540 ሊሻገር ይችላል።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ንዑስ አንቀጽ 3ን ሲጠቅስ ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛውን እንደያዘ በክሱ ላይ ማስፈር አለበት። ጠጥቶ በማሽከርከር ሰው ገድሏል የሚል ደረቅ ቃል አይበቃም። ምን እንደ ጠጣ፣ መቼ እንደ ጠጣ፣ ከአደጋው በፊትና በኋላ ምን ዓይነት ምልክት እንደ ታየበት፣ ምርመራ ተደርጎ ከሆነ ውጤቱ ምን እንደሆነ መገለጽ አለበት። የመጠጥ ሽታ መጠጣትን ያመለክታል እንጂ በኃላፊነት ለማሰብ አለመቻልን ለብቻው አያስረዳም። ሕጉ የሚቀጣው ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ነው።

በዚህ ረገድ የጊዜ ነገር ቸል ሊባል አይገባም። አልኮል ከደም ውስጥ የሚወጣው ጉበት ቀስ በቀስ እያቃጠለው ስለሆነ የሰዓታት መዘግየት ማስረጃውን ራሱን ያጠፋዋል። ወፍራም ቡና መጠጣትም ሆነ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ እንቅልፍን ያባርር እንደሆነ እንጂ ስካሩን አያፋጥነውም፣ አያስወጣውምም። በየቤቱ የሚጠመቀው ጠላና ጠጅ፣ በየቤቱ የሚወጣው አረቄም ጥንካሬያቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ በመለኪያ ወይም በብርሌ ቁጥር መገመት ያሳስታል። ምርመራው በዘገየ ቁጥር የሚጎዳው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ንጹሑ አሽከርካሪ ነጻ የሚወጣበትን፣ የሟች ቤተሰብም እውነቱን የሚያውቅበትን መንገድ በእኩል ያጣሉ።

በሌላ በኩል ስካርን እንደ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ አይጠቅምም። ራሱን በፈቃዱ ወይም በጥፋቱ ያሰከረ ሰው አላወቅሁም ነበር በማለት ከኃላፊነት እንዳያመልጥ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 በሩን ዘግቶታል።

3. በሽማግሌ ፊትና በዳኛ ፊት

በወሎ ምድር ሰው ሲሞት ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገን መካከል ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት ተቀምጠው ቂም እንዳይቀር ያስታርቃሉ። በዚህ ሥርዓት የበዳይ የመጀመሪያ ግዴታ አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ማለት ነው። ምክንያት መደርደርና መከራከር እንደ ትዕቢት ይቆጠራል። ይህ ባህል ብዙ ደም እንዳይፈስ ያደረገ የተከበረ ባህል ነው።

ችግሩ የሚመጣው በሽማግሌ ፊት የተለመደው ቃል በዳኛ ፊት ሲደገም ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 134 የእምነት ቃል የሚለው ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ሁሉ ያለ አንዳች ማወላወል ሲያምን ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ በዚያው ቃል የጥፋተኝነት ውሳኔ ሊሰጥ ይችላልና ቃሉ ከባድ ነው። አሽከርካሪው በጸጸት ተነክቶ «አዎን፣ አጥፍቻለሁ» ቢል፣ ሰው በመሞቱ ማዘኑን መግለጹ ነው? ወይስ ራሱን በኃላፊነት ለማሰብ እስከማይችል ድረስ ሰክሮ እንደነበር ማመኑ ነው? ገጭቻለሁ፣ ግን ልጁ ድንገት ገባብኝ ቢልስ? ይህ በማቅማማት የተሰጠ ቃል ስለሆነ አንቀጽ 133 እንደ ክሕደት ተቆጥሮ እንዲመዘገብ ያዛል።

ዳኛው ክሱን ከማንበብ አልፎ እንዲያስረዳ በአንቀጽ 129 የታዘዘውም ለዚህ ነው። ማስረዳት ማለት አንቀጹን ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም አይደለም። ስለ መግጨቱ፣ ስለ መጠጣቱ፣ ስለ ነበረበት ሁኔታ እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ጠይቆ እያንዳንዱን መልስ ለየብቻ መመዝገብ ነው። ጠበቃውም በክሱ አጻጻፍ ላይ መቃወሚያ ያለው እንደሆነ ደንበኛው የእምነት ክሕደት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ሊያቀርበው ይገባል።

ዕርቁ ግን ከንቱ አይደለም። የግድያ ወንጀል ክስ የመንግሥት ክስ ስለሆነ በዕርቅ ብቻ አይቀርም፤ ቢሆንም ከልብ መጸጸትና ያደረሱትን ጉዳት ለመካስ መጣር በአንቀጽ 82 ከተመለከቱት ቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ውስጥ ይቆጠራል። የጸጸት ቃል ቦታው በእምነት ክሕደቱ መዝገብ ሳይሆን በቅጣት አስተያየቱ ላይ መሆኑን ለተከሳሹ ማስረዳት የጠበቃው ሥራ ነው።

4. ክስ የማይሆነው ነገር

ክስን በስሙ ማወቅ የወንጀል ክስ የማይሆነውን ነገር መለየትንም ይጨምራል። በየከተማው በብዛት ከሚታዩት አንዱ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። ተከራይ ኪራይ አልከፈለም ብሎ ፖሊስ የሚጠራ አከራይ አለ፤ ኪራይ ቢዘገይ በር የሚያወልቅ፣ መብራትና ውኃ የሚያቋርጥም አለ።

ኪራይ አለመክፈል የውል ጥሰት ነው፤ ዳኝነቱም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚመራ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በ11ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። በአንጻሩ ቤቱ የአከራዩ ቢሆንም ይዞታው በተከራዩ እጅ ነውና አከራዩ በጉልበቱ ሊያስለቅቀው አይችልም፤ በኃይል ይዞታው የተነጠቀ ሰው እንዲመለስለት ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መንገድ ከፍቶለታል። ያለ ፈቃድ በሰው መኖሪያ መግባት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 የሚያስጠይቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወንጀለኛ ይያዝልኝ ብሎ የመጣው አከራይ ራሱ ተጠያቂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብና ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ባለሙያው ምክር ከመስጠቱ በፊት ከተማው የተካተተ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

5. የባለሙያው ግዴታ

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ማዕረግ እንደነበረው ይታወቃል። ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም የሕግ ጠባቂ እንጂ የቅጣት ጠባቂ አይደለም። ማስረጃው ንዑስ አንቀጽ 2ን ብቻ በሚደግፍበት ጊዜ ሕዝብ ተቆጥቷል ብሎ ንዑስ አንቀጽ 3ን መጥቀስ ተከሳሹን መበደል ነው። ማስረጃው ስካርን በሚያሳይበት ጊዜም በይሉኝታ ወይም በምልጃ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ዝቅ ማድረግ መቃብር የወረደውንና አቤት ሊል የማይችለውን ሰው መበደል ነው። ሁለቱም በደሎች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ነገሩን በስሙና በልኩ ካለመጥራት።

የማኅበሩ አባላት በየተሰማሩበት ሥራ ይህን ለማቃናት የሚያስፈልጋቸው አዲስ ሕግ ወይም ብዙ ገንዘብ አይደለም። መርማሪው ማስረጃውን በሰዓቱ ይሰብስብ፤ ዐቃቤ ሕጉ ምክንያቱን ለይቶ ይጻፍ፤ ዳኛው ክሱን በአገሬው አነጋገር ያስረዳ፤ ጠበቃው ደንበኛው ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የቃሉን ፍች ይንገረው። በችሎት የቆመው ሰው የተከሰሰበትን ነገር ለጎረቤቱ መልሶ ሊያስረዳ የቻለ እንደሆነ ክሱ በእርግጥ ተነቦለታል ማለት ይቻላል።