ከመቲ የሚላክ ትእዛዝ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የየድርሻቸውን ለብቻ ሠርተው በመጨረሻ ሲያጋጥሙት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ለውጥ በተጨመረ ቁጥር አንድ ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ሥራውን ሁሉ አገጣጥሞ የሚፈትንበት ዘዴ ተፈጠረ። ዘዴው ኮንቲኑየስ ኢንተግሬሽን፥ አንዱ ዙር ሥራም ቢልድ ይባላል።

አሁን በጋምቤላ ክልል፥ በማጃንግ ዞን፥ በመቲ ከተማ ዕረፍቱን የሚያሳልፍ አንድ ተማሪ እናስብ። የሚጽፈው ፕሮግራም ከጎደሬ ገበሬ የሚገዛውን ቡና የሚመዘግብ ነው እንበል። ኔትዎርኩ ደክሟል፤ መብራትም ይጠፋል። ቢልዱን በብራውዘር ላስጀምር ቢል ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ መስመሩ ይቋረጥበታል። በተርሚናል አንዲት የትእዛዝ መስመር ቢልክ ግን የምትሄደው እንደ አጭር ቴሌግራም ናት። ከባዱን ሥራ የሚሸከመው ሩቅ ያለው ማሽን ስለ ሆነ፥ መቲ ላይ መብራት ቢጠፋም እርሱ ሥራውን ይቀጥላል።

መንገዱ እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ሀድሰን ይባል የነበረው፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ጄንኪንስ የተባለው መሣሪያ ከርል በምትባል ትንሽ ፕሮግራም የተላከለትን ጥሪ ይቀበላል። ጊትሀብም እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራን በእጅ ማስጀመርን ፈቀደ፤ በመመሪያው ፋይል ውስጥ «ወርክፍሎው ዲስፓች» ተብሎ አስቀድሞ ከተጻፈ፥ «ጂኤች ወርክፍሎው ረን» ብሎ የሥራውን ስም መጥራት ይበቃል።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ጄንኪንስ «201» ብሎ ሲመልስ ጥሪያችሁ ተራ ያዘ ማለት እንጂ ፈተናው ታለፈ ማለት አይደለም። ውጤቱን ሳያይ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ኪሎ የሚያጎድል ሂሳብ ለገበሬው ሊያስረክብ ይችላል። ሁለተኛ፥ ትእዛዙ የሚከበረው ቶክን በሚባል ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ይህን ቁልፍ በፕሮግራሙ ውስጥ ጽፎ ለሕዝብ የሚለቅ ሰው ቤቱን ሳይዘጋ መንገድ እንደ ሄደ ይቆጠራል።

ክቡራን መምህራን፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ ወደ ኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ አጥሮት እንጂ አእምሮ አንሶት አይደለም። ስለዚህ ተርሚናልን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አስተምሩን። እኛም፥ ጓደኞቼ፥ የምናውቀውን ለማያውቀው እናካፍል። ፈታኙ ማሽን ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ይምጣ ከመቲ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥራው ትክክል መሆኑን ብቻ ነው።