ጉቶው አልሞተም ነበር

እሷ፦ የተራቆተ ተራራ እምብዛም ችግኝ ሳይተከልበት ደን ለበሰ ብልህ ታምናለህ?

እሱ፦ በምን ተአምር?

እሷ፦ ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ሆኗል። 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ። የተቆረጡት ዛፎች ሥራቸው አልሞተም ነበርና አቆጠቆጡ። ገበሬው ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ያስቀራል፤ ሌላውን ይመለምላል።

እሱ፦ የተመለመለውስ?

እሷ፦ ለማገዶ። ሣሩም እየታጨደ ለከብት ይወሰዳል።

እሱ፦ እኛ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ስንት ተተከለ እንላለን። ስንት ጸደቀ የሚል ግን ብዙም አልሰማም!

እሷ፦ እዚያ የጸደቀው ነው የተሸጠው።

እሱ፦ እንጨቱ?

እሷ፦ ኧረ ዛፎቹ ከአየር ስበው ያስቀሩት ካርቦን! ዓለም ባንክ በሚያስተዳድረው ፈንድ በኩል ተሸጦ፣ ገንዘቡ ለገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደረሰ። ወፍጮና የእህል ማከማቻ ሠሩበት።