የአሮጌ ጠመንጃን ብረትና እንጨት ስለ ማደስ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከአባቴ የወረስሁት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለኝ። እሳቸው ቆቅና ጅግራ ያድኑበት ነበር። ካረፉ በኋላ ብዙ ክረምት በሣጥን ውስጥ ስለ ቆየ፥ ባወጣሁት ጊዜ ብረቱ ዝጎ፥ ሰደፉም ደርቆና ጠቁሮ አገኘሁት። እኔም አዲስ ለማስመሰል ቸኩዬ የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁና ሰደፉን አንድ ቀን ሙሉ ስፈትገው ዋልሁ። እንጨቱ በእርግጥ አማረ። ነገር ግን በጎኑ ላይ አባቴ በቢላዋ የቈረጧቸው ትናንሽ ምልክቶች ነበሩ። ምን እንደ ቈጠሩባቸው ሳልጠይቃቸው ሞቱ፤ አሁን ምልክቶቹም የሉም። እንግዲህ የምናገረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን አንድ ጊዜ እንደ ተቀጣ ሰው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት የሌለበት መሆኑን፥ ሁለቱንም አፈሙዝ ከፍቶ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ባዶ ነው ብሎ የነገራችሁን ሰው አትመኑ። የጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ እንደሚያሻም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ይደነግጋል።

ቀጥሎ የያዛችሁትን ዕቃ ዕወቁ። የእኔው የተሠራው በቤልጅግ አገር በልዬዥ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ አፈሙዝ የሚፈተንበት ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1672 ተቋቁሟል፤ ማኅተሙም በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላትና ከሥራቸው ኮከብ ያለበት ነው። ዝገቱን በዘይት ባራስሁት ጊዜ በአፈሙዙ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር ታየኝ። ይህ የደማስቆ የሚባለው አሠራር ነው፤ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ተጠምዝዘው፥ በሌላ ዘንግ ዙሪያ እንደ ጥምጥም ተጠምጥመው፥ በእሳትና በመዶሻ የተጋጠሙበት ነው። እንዲህ ያለውን አፈሙዝ በሚሽከረከር የሞረድ ድንጋይ የሚያስጠርግ ሰው የፈተናውን ማኅተም አብሮ ይፍቃል። ዝገት በመጋጠሚያው ውስጥ ተሸሽጎ ሊበላው ስለሚችልም፥ ዐዋቂ ሳይመረምረው በዘመናዊ ጥይት መተኰስ ለዓይንና ለእጅ ያሰጋል።

ዝገቱን ለማስለቀቅ ስስ ዘይት ቀብቶ ማሳደር፥ በማግሥቱም እንደ ጥጥ በለሰለሰ የብረት ሽቦ በቀስታ ማሸት ይበቃል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ያለ ቀለም የቀረ እንደ ሆነ፥ ለተራው አፈሙዝ የቀድሞዎቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ብልሃት አለ፤ ይኸውም ዝገትን በዝገት መከላከል ነው። ዘይቱ ፈጽሞ ከተጠረገ በኋላ አሲድ ያለበት ፈሳሽ በስሱ ይቀባና ብረቱ እርጥበት ባለበት ስፍራ ቀይ ዝገት እስኪያወጣ ይተዋል። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ሲቀቀል ያ ቀይ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ የላላው በሽቦ ይጠረጋል። ይህ ስድስትም ዐሥርም ጊዜ ሲደጋገም የጠለቀ ሰማያዊ ጥቁረት ይገኛል። ቀዩ ዝገት ውኃ ስቦ ብረትን ሲበላ፥ ጥቁሩ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ዘይት ይይዛል። የደማስቆው ዓይነት ግን ሞገዱ የሚጐላበት የራሱ አሠራር ስላለው ለዚያ ሙያ ላለው ሰው መስጠት ይሻላል።

በዛሬ ጊዜ ሥራውን ለማፋጠን ጠመንጃውን በኮስቲክ ሶዳና በሌላ ጨው ውስጥ፥ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት የሚቀቅሉ አሉ። ለባለ አንድ አፈሙዝ ይስማማ ይሆናል፤ በባለ ሁለቱ ላይ ግን ጥፋት ነው። ሁለቱ አፈሙዞች የተጣበቁት በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ስለ ሆነ፥ ሶዳው ማጣበቂያውን ይበላዋል። ሥራ ለመስጠት ስትሄዱ በምን እንደሚያጠቁሩት መጠየቅ አትፈሩ፤ ጥያቄው የሚያስቈጣው ባለሙያ ከሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልናገርም። የተሰበረ ካልሆነ የብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። የተሰረጐደው ቦታ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ትኩስ ካውያ ቢነካው በእንፋሎቱ ያብጥና ይነሣል፤ በስለት የተቈረጠው ግን አይነሣም። ድርቀቱን የሚያስለቅቀው የተልባ ዘይት ነው። በመዳፍ ጥቂት ጥቂት እየተሸ፥ በየመካከሉ እየደረቀ፥ ብዙ ቀን ይቀባል። የሞተር ዘይት ግን አይደርቅም፤ እንጨቱን ያለሰልሰዋል። አንድ ማሳሰቢያ ላክል፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ያለ እሳት ራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል፥ ተዘርግቶ ይድረቅ።

በመጨረሻ ጠመንጃው ሲቀመጥ የአፈሙዙ ጫፍ ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ቆሞ የኖረ ጠመንጃ፥ የብረቱ ዘይት እየወረደ ሰደፉን በአንገቱ በኩል ያበሰብሰዋል። የእኔም ሰደፍ በዚያ በኩል የጠቆረው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ጥቁረቱን አሁን ትቼዋለሁ።